ግንባር የሚያላላው መርፌ፦ በካልጋሪ የሚኖር ታካሚ ከመወጋቱ በፊት ሊያውቀው የሚገባ

የሰው ፊት ከአንደበቱ ቀድሞ ይናገራል። ግንባሩን የቋጠረ ሰው ተቆጥቷል ወይም ከባድ ሐሳብ ይዞታል እንላለን፤ ቅንድቡን ብድግ ያደረገ ደግሞ ያለ አንዳች ቃል «አዎ» ብሎናል። ይህን ሁሉ የሚሠሩት ከቆዳ ሥር የተዘረጉ ቀጫጭን ጡንቻዎች ናቸው። ጡንቻዎቹ በተኮማተሩ ቁጥር በላያቸው ያለው ቆዳ ይታጠፋል። በወጣትነት ዘመን ቆዳው ወዲያው ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ዕድሜ ሲገፋ ግን እጥፋቱ መስመር ሆኖ ይቀራል። በተለምዶ «ቦቶክስ» የሚባለው መርፌ እነዚህን ጡንቻዎች ለጥቂት ወራት በማላላት መስመሩን የሚያደበዝዝ መድኃኒት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንባቢ ከሁሉ አስቀድሞ እንዲይዝልን የምንፈልገው «መድኃኒት» የሚለውን ቃል ነው። ካልጋሪን በመሰሉ የሰሜን አሜሪካ ከተሞች መርፌው ከፀጉር ቤት፣ ከጥፍር ቤትና ከገበያ አዳራሽ ጋር አብሮ ስለሚታይ ብዙ ሰው እንደ ውበት አገልግሎት ይቆጥረዋል። ሠርግ ወይም ወደ አገር ቤት ጉዞ ሲቃረብ «እገሊት ቤት ድረስ መጥታ ትወጋለች፤ ዋጋዋም ግማሽ ነው» የሚል ወሬ ከጆሮ ወደ ጆሮ ይሄዳል። በካናዳ ሕግ ግን ይህ ንጥረ ነገር በሐኪም ማዘዣ ብቻ የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ መርፌውን መውጋትም በአልበርታ ክፍለ ሀገር ለተወሰኑ የጤና ባለሙያዎች ብቻ የተፈቀደ ተግባር ነው። ታካሚው የሚገጥመው አደጋ በአብዛኛው የሚመነጨው ይህ ልዩነት ሲዘነጋ ነው።

ከቋሊማ መርዝ ወደ ሐኪም እጅ

የመድኃኒቱ ታሪክ የሚጀምረው ከምግብ መመረዝ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በደቡብ ጀርመን ቋሊማ የበሉ ሰዎች ዐይናቸው እየተከደነ፣ ምላሳቸው እየተሳሰረና ጉሮሯቸው መዋጥ እየተሳነው ይሞቱ ነበር። ዩስቲኑስ ኬርነር የተባለ ሐኪም፣ ባለቅኔም ነበር፣ የሕመሙን ምልክቶች አንድ በአንድ መዝግቦ መርዙ የነርቭን ትእዛዝ እንደሚያቋርጥ ተረዳ። መርዙ በጥቂቱ ቢሰጥ ከልክ በላይ የሚንቀሳቀስ የአካል ክፍልን ለማረጋጋት ሊጠቅም እንደሚችልም ገምቶ ነበር። ቋሊማ በላቲን «ቦቱሉስ» ይባላልና ሕመሙም ከዚያው «ቦቱሊዝም» ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1895 ደግሞ በቤልጅየም ኤልዜል በምትባል መንደር ከቀብር በኋላ ጨው የተነሰነሰበት የአሳማ ሥጋ የበሉ ሙዚቀኞች ታመው ሦስቱ ሞቱ። ኤሚል ቫን ኤርሜንገም የተባለው ተመራማሪ ከዚያ ሥጋ ውስጥ አየር በሌለበት የሚራባውን ባክቴሪያ ለይቶ አወጣ። ዛሬ ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም እንለዋለን።

መርዙ መድኃኒት የሆነው በዐይን ሐኪሞች እጅ ነው። በሳንፍራንሲስኮ ይሠራ የነበረው አላን ስኮት የተንሸዋረረ ዐይንን ያለ ቀዶ ጥገና ለማቅናት፣ ከመጠን በላይ የሚጎትተውን ጡንቻ በጥቂት መርዝ ማላላት እንደሚቻል አሳየ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በ1989 ለዐይን መንሸዋረርና ያለ ፈቃድ ለሚጨፈን የዐይን ቆብ እንዲውል ፈቀደ።

ቀጣዩ ምዕራፍ የካናዳ ነው። ከካልጋሪ ሮኪ ተራሮችን ተሻግሮ በሚገኘው ቫንኩቨር ዣን ካራዘርስ የተባሉ የዐይን ሐኪም፣ እ.ኤ.አ. በ1987፣ የዐይን ቆቧ እየተንቀጠቀጠ ያስቸገራትን አንዲት ታካሚ ያክሙ ነበር። ታካሚዋ በቅንድቦቿ መካከል መርፌ ባልተወጋችበት ቀን ቅር አላት፤ እዚያ ስትወጋ ፊቷ የተረጋጋና ጭንቀት የሌለበት እንደሚመስል አስተውላለችና። ሐኪሟ ይህን ለባለቤታቸው ለቆዳ ሐኪሙ አላስቴር ካራዘርስ ነገሩ፤ ሁለቱም ተባብረው መረመሩና ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1992 አሳተሙ። ካናዳ በቅንድቦች መካከል ላለው መስመር መድኃኒቱን የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ2001 ሲሆን አሜሪካ ከአንድ ዓመት በኋላ ተከተለች። ይህ መርፌ ከፀጉር ቤት እንዳልመጣ ለማስታወስ ነው ታሪኩን ትንሽ ማርዘማችን።

ነርቭና ጡንቻ የሚነጋገሩበት ቦታ

አንድ ነርቭ ጡንቻን «ተኮማተር» ብሎ የሚያዘው አሴቲልኮሊን በተባለ ኬሚካል ነው። ኬሚካሉ በነርቩ ጫፍ ላይ በጥቃቅን ከረጢቶች ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። ትእዛዝ ሲመጣ ከረጢቶቹ ከነርቩ ጫፍ ግድግዳ ጋር ተጣብቀው ይከፈታሉ፣ ኬሚካሉም ወደ ጡንቻው ይፈስሳል። ከረጢቱን ከግድግዳው ጋር ከሚያጣብቁት ፕሮቲኖች አንዱ «ስናፕ 25» ይባላል። ቦቱሊነም መርዝ ዓይነት «ኤ» ወደ ነርቩ ጫፍ ገብቶ ይህን ፕሮቲን ይቆርጠዋል። ከረጢቱ ሞልቶ ተቀምጧል፣ የሚከፍተው ግን የለም፤ ጡንቻውም ትእዛዝ ስለማይደርሰው ይላላል።

ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ውጤቱ ወዲያው አይታይም። በአብዛኛው ከሦስት እስከ አምስት ቀን ውስጥ ይጀምራል፤ ሙሉ ኃይሉን የሚያሳየው በሁለት ሳምንት ገደማ ነው። በሦስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ ተጨማሪ መርፌ መጠየቅ ስሕተት ነው። ሁለተኛ፣ መርዙ ወደ ነርቩ ከገባ በኋላ መልሶ የሚያወጣው ማርከሻ የለም። ነርቩ ራሱ ፕሮቲኑን እስኪተካና ጫፉን እስኪያድስ ድረስ መጠበቅ ግድ ነው፤ ይህም ከሦስት እስከ አራት ወር ይፈጃል። ስለዚህ መልካሙ ውጤት ጊዜያዊ እንደሆነ ሁሉ ያልተፈለገውም ጊዜያዊ ነው፤ ሆኖም የሚያልፈው በራሱ ጊዜ እንጂ በእኛ ጥድፊያ አይደለም።

ብዙዎች ይህን መርፌ ቆዳን ከሥር ከሚሞላው መርፌ ጋር ያምታቱታል። መሙያው፣ ፊለር የሚባለው፣ በአብዛኛው ሃያሉሮኒክ አሲድ ከተባለ ጄል የሚሠራ ሲሆን ለጉንጭና ለከንፈር ይውላል። አደጋውም የተለየ ነው፤ በስሕተት ወደ ደም ሥር ከገባ የቆዳን ሕዋስ ሊገድል፣ እጅግ አልፎ አልፎም ዐይንን ሊያሳውር ይችላል። «ቦቶክስ ልታስገቢ ነው?» ተብላ «አዎ» ያለች ሴት የሚወጋት ነገር የትኛው እንደሆነ በስሙ መጠየቅ ይኖርባታል።

መድኃኒቱ የሚለካው በዩኒት ነው። በቅንድቦች መካከል ለሚታየው መስመር የቦቶክስ የተፈቀደ መጠን 20 ዩኒት ሲሆን በአምስት ቦታ አራት አራት ዩኒት ይወጋል። ከእንስሳት ጥናት ተነሥቶ ለአንድ አዋቂ ሰው ገዳይ ይሆናል ተብሎ የሚገመተው መጠን ወደ 3,000 ዩኒት ይጠጋል። እውነተኛው ብልቃጥ ብዙውን ጊዜ 50 ወይም 100 ዩኒት ብቻ የሚይዝ በመሆኑ በሠለጠነ እጅ ሰፊ የደኅንነት ርቀት አለ። በዓለም ላይ ከሚታወቁት መርዞች ሁሉ እጅግ ብርቱ የሆነው ይህ መርዝ በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ሰዎች መሰጠት የቻለው መጠኑ እጅግ ጥቂትና በትክክል የታወቀ ስለሆነ ነው። መጠኑ የማይታወቅ ብልቃጥ ሲመጣ ግን ይህ ሒሳብ ሁሉ ይፈርሳል።

ደግሞም የአንዱ ኩባንያ ዩኒት ከሌላው ጋር እኩል አይደለም። ለዚያው ቦታ ቦቶክስ 20 ዩኒት ሲሆን ዲስፖርት 50 ዩኒት ነው። «ባለፈው 20 ነበር የተወጋሁት፤ አሁን 50 ልትወጋኝ ነው» ብሎ መደንገጥም ሆነ ዋጋን በዩኒት ብቻ ማነጻጸር የሚያሳስተው ለዚህ ነው። የምርቱ ስም ከቁጥሩ ጋር ካልተነገረ ቁጥሩ ትርጉም የለውም።

ለየትኛው ፊት?

መርፌው በደንብ የሚሠራው ፊት ሲንቀሳቀስ ለሚወጡ መስመሮች ነው፦ በቅንድቦች መካከል ለሚቆሙት፣ በግንባር ላይ ለሚጋደሙትና ስንስቅ ከዐይን ጫፍ ለሚበተኑት። ፊት ሳይንቀሳቀስም ጠልቆ የሚታይ መስመርን ያለሰልሰው ይሆናል እንጂ አይደመስሰውም። የላላ ቆዳን አያነሣም፤ የፀሐይ ጠባሳንም ሆነ ማድያትን አያጠፋም።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለእኛ ማኅበረሰብ ከፍ ያለ ትርጉም አለው። ጠቆር ያለ ቆዳ በውስጡ ያለው ሜላኒን ከፀሐይ ጨረር ስለሚከላከልለት መሸብሸቡ በአብዛኛው ዘግይቶ ይመጣል። በእኛ ዘንድ ፊትን ቀድሞ የሚያስረጀው ብዙ ጊዜ የቀለም መዥጎርጎር ነው፤ ለእርሱ ደግሞ ይህ መርፌ መልስ አይሰጥም። ካልጋሪ ከባሕር ወለል በላይ ከአንድ ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች፣ ከካናዳ ትልልቅ ከተሞች መካከል በፀሐይዋ ብዛት የታወቀች ከተማ ናት፤ በክረምት በረዶው ጨረሩን መልሶ ፊት ላይ ያንጸባርቃል። በዚህ ላይ አየሩ እጅግ ደረቅ ነው። ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ዳር የመጣ ሰው በመጀመሪያው ክረምት በዐይኑ ሥር የሚያያቸው ቀጫጭን መስመሮች አንዳንዴ የድርቀት እንጂ የዕድሜ አይደሉም። ጥሩ ቅባትና በየቀኑ የሚቀባ የፀሐይ መከላከያ ለጥቂት ሳምንታት ሞክሮ ማየት ብዙ ወጪ የለውም። በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ከማውጣት በፊት ይህን እንዲሞክር የሚነግር ሐኪም ያጋጠመው ታካሚ ዕድለኛ ነው።

ፈጽሞ መወጋት የሌለባቸውም አሉ። ማያስቴኒያ ግራቪስን የመሰለ ነርቭና ጡንቻ የሚገናኙበትን ቦታ የሚያጠቃ ሕመም ያለበት ሰው፣ በሚወጋበት ቦታ ላይ ቁስል ወይም ኢንፌክሽን ያለበት ሰው፣ ከዚህ በፊት ለመድኃኒቱ አለርጂ ያሳየ ሰው ከዚህ መርፌ ይርቃል። ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች በቂ ጥናት ስለሌለ እንዲቆዩ ይመከራሉ። የመዋጥ ወይም የመተንፈስ ችግር ያለበት ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት። ዲስፖርት ውስጥ ጥቂት የላም ወተት ፕሮቲን ሊኖር ስለሚችል ለዚህ ፕሮቲን አለርጂ ያለበት ሰው ይህን ምርት መወጋት የለበትም። ቦቶክስ ደግሞ ከሰው ደም የሚገኝ አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን አለበት፤ በእምነቱ ምክንያት ይህን ማወቅ የሚፈልግ ታካሚ አስቀድሞ ሊጠይቅ ይችላል።

ከመድኃኒቶች መካከል በተለይ ልናነሣው የሚገባ ጄንታማይሲን ነው። በአገራችን ሆስፒታሎች በሰፊው የሚሰጠው ይህ አንቲባዮቲክና የእርሱ ወገን የሆኑት ሁሉ ነርቭ ወደ ጡንቻ የሚልከውን ትእዛዝ በራሳቸው ስለሚያዳክሙ የመርፌውን ኃይል ሊያበረቱ ይችላሉ። ከአገር ቤት ታክሞ በቅርቡ የተመለሰ ሰው የወሰደውን መድኃኒት ስም ይዞ ይሂድ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው መበለዝ ይበዛበታል፤ ሆኖም ለልብ ወይም ለደም መርጋት የታዘዘለትን መድኃኒት ለውበት ሲል በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ የለበትም።

በካልጋሪ የሚኖር ሰው ሊያስበው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። በክረምት መካከል ከሮኪ ተራሮች የሚወርደው ሞቃት ነፋስ፣ ቺኑክ፣ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ማይግሬን እንደሚቀሰቅስ የከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አጥንተዋል። በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ራስ ምታት የሚያሠቃየው ሰው ከነርቭ ሐኪሙ ይህንኑ ቦቶክስ፣ 155 ዩኒት ያህል፣ በራስና በአንገት ዙሪያ 31 ቦታ ላይ ተከፋፍሎ ሊወጋ ይችላል። ይህ ታካሚ በሁለተኛው ሳምንት ወደ ውበት ክሊኒክ ሄዶ ዝም ብሎ ቢወጋ ሁለቱ መጠኖች ይደመራሉ። ለአንዱ የተናገሩትን ለሌላው አለመደበቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የሚወጋው ማን ነው? የሚወጋውስ ምንድን ነው?

በአልበርታ ከቆዳ ሥር መርፌ መውጋት ለጤና ባለሙያዎች የተከለለ ተግባር ነው። ሐኪም መውጋት ይችላል፤ የተመዘገበች ነርስም ማዘዝ የሚችል ባለሙያ ታካሚውን አይቶ ካዘዘላት በኋላ ልትወጋ ትችላለች። የውበት ሳሎን ሠራተኛ ግን የቱንም ያህል የሥልጠና ወረቀት ግድግዳዋ ላይ ብትሰቅል በዚህ ወረቀት ብቻ መውጋት አይፈቀድላትም። በአገሯ ሐኪም ወይም ነርስ የነበረች፣ በአልበርታ ግን ገና ያልተመዘገበች ሴትም እንደዚሁ ናት። ይህን ማለት ከባድ ነው፤ ብዙ ወገኖቻችን በሙያቸው ለመመለስ ዓመታት እየለፉ መሆናቸውን እናውቃለንና። ሆኖም ያልተመዘገበ ባለሙያ ትክክለኛውን መድኃኒት በሕጋዊ መንገድ ማዘዝ አይችልም፤ ስለዚህ የእጇ ብቃት ጥያቄ ባይነሣበት እንኳ ብልቃጡ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ መልስ ያጣል።

የሐኪሙን ስም የአልበርታ የሐኪሞችና የቀዶ ጥገና ባለሙያዎች ኮሌጅ፣ የነርሷን ደግሞ የአልበርታ የተመዘገቡ ነርሶች ኮሌጅ በድረ ገጻቸው በነጻ ያሳያሉ። እዚህ ላይ «ኮሌጅ» ማለት ትምህርት ቤት አይደለም፤ የሙያ ፈቃድ የሚሰጥና ቅሬታ የሚቀበል አካል ነው። ስሙን ጽፎ ለማየት ሁለት ደቂቃ ይበቃል።

ብልቃጡን ማየትም የታካሚው መብት ነው። በካናዳ የተፈቀደ መድኃኒት ስምንት አሃዝ ያለው የመድኃኒት መለያ ቁጥር ይታተምበታል፤ ጽሑፉም በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ነው። በሌላ ቋንቋ ብቻ የተጻፈ ሣጥን፣ ቁጥር የሌለው ብልቃጥ፣ በመርፌ ውስጥ ተቀድቶ በቦርሳ የመጣ ፈሳሽ፣ እነዚህ ሁሉ «አይሆንም» ለማለት በቂ ናቸው። መለያ ቁጥሩን በጤና ካናዳ የመድኃኒቶች መዝገብ ላይ መፈለግ ይቻላል። እውነተኛው ቦቶክስ ሲመጣ በብልቃጡ ወለል ላይ ብዙም የማይታይ ነጭ ዱቄት ነው፤ በፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሊወጋ ሲል ንጹሕ የጨው ውሃ ተጨምሮበት ይበጠበጣል፣ መመሪያውም ከተበጠበጠ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያልቅ ይላል። የምርቱን ስም፣ የዩኒቱን ቁጥርና በብልቃጡ ላይ ያለውን የምርት ቁጥር ጽፎ መያዝ ኋላ ችግር ቢመጣ ሐኪሙን በእጅጉ ይረዳል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የተጋነነ የሚመስለው ካለ ሦስት አጋጣሚዎችን ያስብ። እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ በአሜሪካ ፍሎሪዳ አራት ሰዎች ለሰው ያልተፈቀደ፣ እጅግ የተከማቸ የቤተ ሙከራ መርዝ ተወግተው ሽባ ሆኑ፤ ሕይወታቸው የተረፈው በመተንፈሻ መሣሪያ ታግዘው ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ11 ግዛቶች 22 ሰዎች ሐሰተኛ ወይም ከየት እንደመጣ ያልታወቀ መርፌ ተወግተው፣ ወይም ፈቃድና ሥልጠና በሌለው ሰው ወይም በቤትና በውበት ቤት ተወግተው መታመማቸውን አስታወቀ፤ ከመካከላቸው 11ዱ ሆስፒታል ገብተዋል። እ.ኤ.አ. በ2025 በጋ ደግሞ የእንግሊዝ የጤና ደኅንነት ተቋም ከሰኔ መጀመሪያ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ብቻ ከውበት መርፌ ጋር የተያያዙ 38 የቦቱሊዝም ሕሙማንን መዘገበ። ጤና ካናዳም በተለያዩ ከተሞች ከመደብርና ከመኖሪያ ቤት የተያዙ ያልተፈቀዱ መርፌዎችን በተመለከተ በተደጋጋሚ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል።

በሌላ አገር የሚኖሩ አንባቢዎቻችን ሕጉ እንደየአገሩ እንደሚለይ ልብ ይበሉ። በእንግሊዝ መድኃኒቱ በማዘዣ ብቻ ቢሆንም የሚወጋው ሰው የጤና ባለሙያ መሆን ግዴታው አልነበረም፤ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ ግን ለውበት መውጋት እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2021 ጀምሮ ክልክል ነው። በኢትዮጵያ መድኃኒት መዝግቦ የሚፈቅደው የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ለዕረፍት አገር ቤት ሲገቡ የሚወጉም ቢሆኑ ስለ ብልቃጡ የሚጠይቁት ጥያቄ ያው ነው።

ከመወጋቱ በፊት ስምምነት ይፈረማል። እንግሊዝኛው ያልጠራለት ሰው ልጁን ወይም ጎረቤቱን ይዞ ቢሄድ የሚያፍርበትን ሕመም ሳይናገር ይቀራል፤ አስተርጓሚዋ ልጅም ብትሆን «ማያስቴኒያ» የሚለውን ቃል በአማርኛ እንዴት እንደምትለው አታውቅም። ክሊኒኩ ምስጢር የሚጠብቅ ባለሙያ አስተርጓሚ እንዲያቀርብ መጠየቅ ይቻላል። ማቅረብ ካልቻለ ቀጠሮውን ማዘግየት ይሻላል። ለውበት የሚደረገውን መርፌ የአልበርታ የጤና መድን አይከፍልም፤ ወጪው ከታካሚው ኪስ ነውና ታካሚው የሚገባውን መጠየቅ ሊያሳፍረው አይገባም።

ከመርፌው በኋላ የሚጠበቀውና የማይጠበቀው

መርፌው የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው። በተወጋበት ቦታ ትንሽ እብጠት፣ መቅላት፣ መበለዝ፣ እንዲሁም ለአንድ ሁለት ቀን ራስ ምታት ሊኖር ይችላል። በጠቆረ ቆዳ ላይ ብልዙ ከጠፋ በኋላ ጥቁር ምልክት ሊተው ስለሚችል ቦታውን አለመነካካትና ከፀሐይ መከላከል ያስፈልጋል። ለጥቂት ሰዓታት ፊትን አለማሸት፣ ሻሽ ወይም የክረምት ቆብ ግንባር ላይ አጥብቆ አለማሰር ይመከራል። ለአራት ሰዓት አትተኙ የሚለው ምክር የበረታ ማስረጃ ባይኖረውም አይጎዳም።

በመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ጥናቶች ከመቶ ሦስት ያህል ሰዎች የዐይን ቆባቸው ወርዶ ነበር፤ መድኃኒቱ ቆቡን ወደሚያነሣው ጡንቻ ሲዘልቅ የሚመጣ ነው። በሳምንታት ውስጥ ይለቃል፤ እስከዚያ የሚያግዝ የዐይን ጠብታ ሐኪም ሊያዝ ይችላል። በዕድሜ የገፋ ሰው ደግሞ ሳያውቀው የላላውን የዐይን ቆቡን ከፍ አድርጎ የሚይዘው በግንባሩ ጡንቻ ሊሆን ይችላል። ግንባሩ በብዛት ሲወጋ ቅንድቡ ይወርድና ማየቱ ራሱ ይከብደዋል። ጥሩ ባለሙያ ታካሚውን አስቀምጦ፣ አስቆጥቶና አስቆ ፊቱን አይቶ ነው መርፌ የሚያነሣው። ያለ ቃል በቅንድባችን «እሺ» ለምንል ለእኛ ግንባር ፈጽሞ ሲደርቅ የጨዋታችን አንድ ቋንቋ ይጎድላል፤ ትንሽ እንቅስቃሴ ይቅርልኝ ብሎ መጠየቅ የሚያሳፍር አይደለም፤ ብዙ ባለሙያዎችም ይህን ይመርጣሉ። ድጋሚ መርፌ ከሦስት ወር በፊት አይመከርም፤ ቶሎ ቶሎና በብዛት መወጋት ሰውነት መድኃኒቱን የሚያከሽፍ ፀረ እንግዳ አካል እንዲያበጅ ሊያደርግ ይችላልና።

ከዚህ የተለየው ምልክት መርዙ ከተወጋበት ቦታ ርቆ መሄዱን የሚያሳየው ነው። ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ ሁለቱም ዐይኖች መከደን፣ ድምፅ መጎርነን ወይም ንግግር መጎተት፣ የአፍ መድረቅ፣ እንጀራ ወይም ውሃ ሲዋጥ መተናነቅ፣ አንገትን ቀና ማድረግ አለመቻል፣ የእጅና የእግር ድካም፣ ትንፋሽ ማጠር። እነዚህ ከሰዓታት እስከ ሳምንታት ባለው ጊዜ ሊመጡ ይችላሉ፤ ስለዚህ በዐሥረኛው ቀን የመጣን መተናነቅ ከመርፌው ጋር አላያይዘውም ማለት አይገባም። በዚህ ጊዜ የወጋችውን ሴት ደውሎ መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው። መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ 911 ይደወላል። ለቦቱሊዝም የሚሰጠው ፀረ መርዝ ገና ወደ ነርቭ ያልገባውን ብቻ ነው የሚያስቆመው፤ አስቀድሞ የገባውን አይመልስም። ስለዚህ በሰዓታት መቅደም የመተንፈሻ መሣሪያ በማስፈለግና ባለማስፈለግ መካከል ያለ ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ምልክቱ ቀለል ያለና አጠራጣሪ ከሆነ የአልበርታ የጤና መስመር 811 ሌሊትም ቀንም በነርሶች ይመለሳል፤ አስተርጓሚም ያገናኛል። የክፍለ ሀገሩ የመርዝና የመድኃኒት መረጃ አገልግሎት መቀመጫው እዚያው ካልጋሪ ሲሆን በ1-800-332-1414 ይገኛል። ለሁለቱም ሆነ ለድንገተኛ ክፍል ሐኪም መነገር ያለበት መቼ፣ የት፣ በማን እና ምን እንደተወጉ ነው። ሠርግ ቤት ውስጥ በድብቅ ተወግታ የመጣች ሴት ይህን ከደበቀች ሐኪሙ ስትሮክ ወይም ሌላ የነርቭ ሕመም ሲፈልግ ሊውል ይችላል። ብልቃጡ ወይም የሣጥኑ ፎቶግራፍ ካለ ይዞ መሄድ ነው፤ ሐኪሙ ሊያክማት እንጂ ሊከስሳት አይደለም የሚጠይቃት።